«ምርመራው ሁሉ ደህና ነው» ተባለ፤ ፖፖ ግን አይበሉም፣ አይተኙም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ሆም ኬር ነው የምሠራው። የምንከባከባቸው ሴት የ78 ዓመት ቻይናዊት ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው «ፖፖ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው። ጓንግዶንግ ውስጥ ታይሻን ከሚባል አገር ነው የመጡት። የሚኖሩት ከሴት ልጃቸውና ከባሏ ጋር ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ምግብ ይገፋሉ። ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ራሴን ይላሉ። ልብ፣ ጨጓራ፣ ደም ታይቶ «ምንም የለም» ተባለ። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ «ያዝናሉ ወይ?» ሲላቸው «አይ» አሉ። እኔ ግን ብቻቸውን ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጄድ ከሚባለው የከበረ ድንጋይ የተሠራ አምባራቸውን አውልቀው ለልጅ ልጃቸው ሰጡ። ልጃቸውን «ድብርት ይሆን?» ብላት ተቆጣች። «እናቴ እብድ አይደለችም፣ እርጅና ነው» አለችኝ። ቻይናውያን ይህን በሽታ አያውቁትም ማለት ነው? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ፖፖን ሳላያቸው ድብርት ይዟቸዋል ወይም አልያዛቸውም ልልሽ አልችልም። ያየሽውን በደንብ ስለነገርሽኝ ግን አንድ ነገር መናገር እችላለሁ፤ ይህ እርጅና ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እርጅና እንቅልፍን ያሳጥራል፣ ጉልበትን ይቀንሳል። ለወራት ምግብ የሚያስጠላ፣ ተደብቆ የሚያስለቅስ እርጅና ግን የለም። በዚህ ሳምንት ሐኪማቸው ዘንድ ይደወል።

ከሁሉ በፊት ስለ አምባሩ ላንሣ። ለልጅ ልጅ የጄድ አምባር መስጠት በቻይናውያን ዘንድ ያለ ነገር ነው። ብቻውን ቢሆን አያሳስበኝም ነበር። ምግብ የተወ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ተደብቆ የሚያለቅስ ሰው የሚወደውን ዕቃ መስጠት ሲጀምር ግን ምን አስቦ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልገውም። «መኖር ያስጠላዎታል? ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣባቸዋል ብሎ ይፈራል። አያመጣም። በሐሳቡ ሲብሰለሰል የቆየ ሰው እንዲያውም ሲጠየቅ ይቀለዋል። ፖፖ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ካበዙ፣ ክኒን ማጠራቀም ከጀመሩ ወይም መሞት እፈልጋለሁ ካሉ ቀጠሮ አይጠበቅም። 988 ይደወል። ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተመደበ መስመር ነው፤ አስተርጓሚም ያገናኛል። አደጋው እዚያው ዓይንሽ ፊት ከሆነ ደግሞ 911። አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ65 ዓመት በላይ ካሉ ሴቶች መካከል የምሥራቅ እስያ ተወላጆች ራሳቸውን የማጥፋት መጠን ከሌሎቹ ከፍ ብሎ የታየባቸው ዓመታት አሉ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «ቻይናውያን ይህን በሽታ አያውቁትም ማለት ነው?» ብለሻል። ያውቁታል። ስሜቱን ያውቁታል፤ ከምን እንደመጣባቸውም ብዙ ጊዜ ያውቃሉ። ክፍተቱ ያለው እኛ ባለሙያዎቹ በምንጠይቅበት መንገድ ላይ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነኝ ከቦስተን የመጣ ጥናት ነው። አልበርት ዩንግ የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ድብርት የተገኘባቸውን 29 ቻይናውያን አሜሪካውያን አነጋገሩ። ጥናቱ የወጣው በ2004 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሰዎቹ መጀመሪያ ያስቸገራቸውን ነገር እንዲናገሩ ተጠየቁ። 76 በመቶዎቹ የአካል ሕመም ተናገሩ። «አዝኛለሁ» ብሎ የጀመረ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ በቻይንኛ የተዘጋጀ የድብርት መጠይቅ ተሰጣቸው። እዚያ ላይ ስለ ሐዘን በቀጥታ ሲጠየቁ 93 በመቶዎቹ እንዳለባቸው መለሱ። ልብ በይ፣ ያው ሰዎች ናቸው። ሐዘኑ አለ፤ ካልተጠየቁ ግን ሐኪም ዘንድ ይዘውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። ከ29ኙ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሄዶ የነበረውም አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ስትሰሚ «የቻይናውያን ጠባይ ነው» እንዳትይ። በ1999 የታተመ፣ በ14 አገሮች የተካሄደ ሌላ ጥናት አለ። ድብርት ከተገኘባቸው 1146 ሰዎች 69 በመቶዎቹ ወደ ሐኪም የመጡት የአካል ሕመም ብቻ ይዘው ነበር። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዘንድ ይህ በየትም አገር ይበረታል። የቻይናውያን አረጋውያን ነገር የሚለየው ከኋላቸው ባለው ታሪክ ነው። እሱን ካላወቅን ፖፖን አናውቃቸውም።

ፖፖ 78 ዓመታቸው ከሆነ የተወለዱት በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ታላቁ ረሃብ ከ1959 እስከ 1961 ቻይናን ሲመታ ገና ልጅ ነበሩ። የባህል አብዮቱ በ1966 ሲጀመር ወደ ሃያ ዓመታቸው ነበር። እስከ 1976 ዘለቀ። በዚያ ዘመን ሥነ ልቦና የቡርዧ ሳይንስ ተብሎ ተወግዞ ነበር። «ከፍቶኛል፣ ተስፋ ቆርጫለሁ» ማለት የፖለቲካ አቋም ጉድለት ተደርጎ ሊቆጠር ይችል ነበር። ሁሉም ደስ ሊለው በሚገባ አገር ውስጥ አንተ የምታዝነው ለምንድን ነው? በማን ላይ ነው ቅሬታህ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማን ይፈልጋል? «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ማለት ግን ማንንም አያስጠይቅም። እረፍት ያሰጣል፣ መድኃኒት ያሰጣል።

የሃርቫርዱ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክላይንማን በ1980 ሁናን ሕክምና ኮሌጅ ሄደው ያገኙት ይህንኑ ነው። ያኔ በቻይና በጣም የተለመደ አንድ የምርመራ ስም ነበር፤ ኒውራስቴኒያ። ትርጉሙ የነርቭ መዳከም ነው። ስሙን በ1869 ያስፋፋው ጆርጅ ቢርድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። ምዕራቡ ዓለም ቀስ በቀስ ሲተወው ቻይና ውስጥ ግን ሥር ሰደደ። እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ መርሳት ያለበት ሰው «ነርቭህ ተዳክሟል» ይባል ነበር። ክላይንማን ይህ ስም የተሰጣቸውን 100 ሕሙማን መረመሩ። 87ቱ በእኛ መለኪያ ከባድ ድብርት ነበረባቸው። የድብርት መድኃኒት ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ሕመሙ ቀለለላቸው። ከዚያ በኋላ የታየው ነገር ነው እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ። የሥራ ቦታና የቤት ውስጥ ችግራቸው ያልተፈታላቸው ሰዎች ምልክቱ ቀንሶላቸውም እንኳ አሁንም ታምመናል ይሉ ነበር። ክኒኑ ድርሻውን ተወጥቷል። የቀረው የሰዎቹ ኑሮ ነበር።

ሌላው ነገር የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው። እዚያ ስሜትና አካል ሁለት ቦታ አይቀመጡም። ቁጣ ከጉበት፣ ሐዘን ከሳንባ፣ ብዙ ማሰብ ከጣፊያ ጋር ይያያዛሉ። ሰው ንዴትና ብስጭቱን ውጦ ሲኖር የጉበቱ ኃይል ይታፈናል ይባላል። ያኔ ደረት ይጠብቃል፣ ሰውየው በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ምግብ አይወርድለትም። ፖፖ ደረታቸውን ሲይዙ «ልቤ ታሟል» ማለታቸው ብቻ አይደለም፤ ያልተናገሩት ነገር እንዳለም እየነገሩሽ ሊሆን ይችላል። በእሳቸው አስተሳሰብ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ «ይህ የአካል ነው ወይስ የአእምሮ?» ብሎ መሟገት ለእሳቸው ትርጉም የለውም። እኔ በሥራዬ ላይ ይህን ክርክር ጨርሶ አልጀምረውም።

ወደ «አይ» ልመለስ። ፖፖ እኮ ተጠይቀው ነው አይ ያሉት ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ግን አጠያየቁን እንየው። አስተርጓሚው ምን ቋንቋ ነበር የሚናገረው? «ቻይንኛ» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማንዳሪን ተናጋሪ ነው። ታይሻን ያደጉ ሰው ቋንቋቸው ታይሻንኛ ነው። ከካንቶንኛ ጋር ይቀራረባል። ማንዳሪን ብቻ ከሚያውቅ ሰው ጋር ግን አያግባባም። ብዙ ትምህርት ያላገኙ አሮጊት ጥያቄውን ግማሹን ብቻ ሰምተው ሊሆን ይችላል። ያልገባው አዛውንት ደግሞ ሐኪም ፊት «አይ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚገላገለው። ቀጠሮ ስታስይዙ «ታይሻንኛ፣ ካልተገኘ ካንቶንኛ» በሉ። ክፍያ የለውም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ በሕግ ይገደዳል።

ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር? ልጃቸው አጠገባቸው ከነበረች መልሱ «አይ» መሆኑ አያስገርምም። እናት በልጇ ፊት «በቤትሽ ደስተኛ አይደለሁም» ትላለች? ልጅ ለእናቷ ማስተርጎም የለባትም የምንለውም ለዚህ ነው። ልጅቷ ክፉ ስለሆነች አይደለም። እናትየው ልጇን ለመጠበቅ ስትል ዝም ስለምትል ነው። ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ ፖፖና ሐኪሙ ከአስተርጓሚው ጋር ብቻቸውን ይሁኑ።

ሦስተኛው የጥያቄው ዓይነት ነው። «ያዝናሉ ወይ?» ተብሎ በባዶ ሜዳ ሲጠየቅ ነውር የሚነካ ጥያቄ ይሆናል። እኔ ከእንቅልፉ ነው የምጀምረው። ስንት ሰዓት ይነቃሉ? ሲነቁ ምን ያስባሉ? እንቅልፉ የጠፋው ከመቼ ጀምሮ ነው? ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ምን ነበር? ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ የሚያስበውን የሚነግረኝ ሰው ሐዘኑን ነግሮኛል። ከዚያ በኋላ «ይህ ሁሉ ሲሆን ሆድዎን አይብሰውም?» ስል «እንዴት አይብሰኝ!» የሚል መልስ ነው የማገኘው።

የሆነው ምን ሊሆን ይችላል? የፖፖን ታሪክ አላውቅም። የብዙዎቹ አካሄድ ግን ይመሳሰላል። ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ወዲህ ዜጋ የሆነ ልጅ ወላጆቹን ያለ ወረፋ ኮታ ማምጣት ይችላል። ወላጆች በስልሳና በሰባ ዓመታቸው ይመጣሉ። ሲመጡ ሥራ አላቸው። ሕፃን ያሳድጋሉ፣ ያበስላሉ፣ ቤት ይጠብቃሉ። ልጅና ባሏ ተረጋግተው ሥራ የሚውሉት በአያት ትከሻ ላይ ነው። ከዚያ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ይገባሉ። እንግሊዝኛ መናገር ይጀምራሉ፤ ታይሻንኛውን ይረሱታል። አያት አሳድገው ከጨረሱት የልጅ ልጅ ጋር መነጋገር ያቅታቸዋል። መኪና አይነዱም። የሚያውቁት ሰው ቻይናታውን ነው። ወደ አገር መመለስ አለ እንዳይባል ቤቱ ተሽጧል፤ እኩዮቻቸውም እያለቁ ነው። ይህን ቁስል የማየው ከምንም ነገር በላይ ነው። ድህነት አይደለም። የሚፈልጋቸው ሰው ማጣት ነው።

በፖፖ ቤት ደግሞ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። የሚኖሩት ከሴት ልጃቸው ጋር ነው። በድሮው ሥርዓት ወላጅ የሚጦረው በወንድ ልጅ ቤት ነው። በአማች ቤት መኖር ለዚያ ዘመን ሰው የእንግድነት ስሜት አለው። አማቹ የቱንም ያህል ጥሩ ሰው ቢሆን እናትየው «የሰው ቤት ነው ያለሁት» ብለው ይሳቀቃሉ። ወንድ ልጅ ካላቸውና ካልፈለጋቸው ደግሞ ሕመሙ ይብሳል። ይህን አንቺ መጠየቅ የለብሽም። ሐኪሙ ወይም ሶሻል ወርከሯ ግን ቢያውቁት ይጠቅማል።

ጊዜውንም አስቢው። በሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ቻይናውያን የሙታን መቃብር የሚጎበኙበት በዓል አለ፤ ቺንግሚንግ ይባላል። ባላቸው ታይሻን የተቀበሩባቸው ሴት በዚያ ሰሞን ሊብሳቸው ይችላል። ኦክላንድ ነን ካልሽኝ ደግሞ 2020 እና 2021ን አንርሳ። በወረርሽኙ ጊዜ እዚያው ቻይናታውን አካባቢ የእስያ ተወላጅ አረጋውያን በመንገድ ላይ ተደብድበዋል። ብዙዎች ከዚያ ወዲህ በእግር መውጣት አቆሙ። ፖፖ ድሮ ጠዋት መናፈሻ ወጥተው ይንቀሳቀሱ ነበር? መቼ ተውት? ይህን ልጃቸው ታውቃለች።

ስለ ልጃቸው ቁጣ ላውራ። አትፍረጂባት። ለብዙ ቻይናውያን ቤተሰቦች የአእምሮ ሕመም የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። የቤተሰቡን ስም ይነካል። «በዘራቸው እብደት አለ» ከተባለ የልጅ ልጆች ጋብቻ ላይ ጥላ ያጠላል ተብሎ ይፈራል። ከዚህ በላይ ደግሞ ወላጅን ማክበርና መጦር የሚባለው ግዴታ አለ። እናትሽ ድብርት ይዟታል ሲባል ልጅቷ የምትሰማው «እናትሽን በደንብ አልያዝሽም» የሚል ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርታ፣ ሞርጌጅ ከፍላ፣ ልጅ አሳድጋ፣ ለእናቷ ተንከባካቢ አምጥታ ይህን ስትሰማ ብትቆጣ አይገርምም።

ስለዚህ የበሽታውን ስም ለጊዜው ተይው። «እማማ አልተኙም፣ ምግብም እየተዉ ነው፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ለእንቅልፉና ለምግቡ ሐኪም ሊረዳቸው ይችል ይሆን?» በያት። ማታለል አይደለም። ያየሽውን እውነት ነው የምትናገሪው። ለበሽታው ስም ማውጣት የሐኪሙ ድርሻ ነው። አንድ ነገር ግን አትደብቂያት። ልቅሶውንና የአምባሩን ነገር ንገሪያት። በሚያስጨንቅ ድምፅ ሳይሆን ረጋ ብለሽ ንገሪያት። የኤጀንሲሽ ኃላፊ ወይም የጉዳዩ ሶሻል ወርከር ካለችም ለእሷ በጽሑፍ አሳውቂ። ይህ የሥራሽ አካል ነው፣ ሐሜት አይደለም።

ክሊኒክ ሲደርሱ ምን መደረግ አለበት? ድብርት የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች መጣራት አለባቸው። የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ጣጣ። የመርሳት በሽታ ጅማሬም ድብርት ይመስላል፤ ሁለቱ አብረው የሚመጡበትም ጊዜ አለ። ከዚያ ፒኤችኪው-9 የሚባል ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ያለፈውን ሁለት ሳምንት ነው የሚጠይቀው። በቻይንኛ ተዘጋጅቷል። ማንበብ ለማይችሉ አስተርጓሚው ያነብላቸዋል። 10 እና ከዚያ በላይ ካመጡ ጠለቅ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ እሱን ዝለሉት ይላል። አይዘለልም።

መድኃኒት ከታዘዘ ጥቂት ነገሮች ማወቅ ጥሩ ነው። በዚህ ዕድሜ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። አንዳንዶቹ የድብርት መድኃኒቶች አረጋውያን ላይ የደም ሶዲየም ያወርዳሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ መጋባት ወይም መንገዳገድ ካየሽ ወዲያው ይነገር። ሲታሎፕራም የሚባለው ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አሳስቧል። ይህን መድኃኒት ቀስ ብሎ የሚያጣራ ሰውነት ደግሞ በምሥራቅ እስያ ተወላጆች ዘንድ በብዛት ይገኛል። ሐኪሙን ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። የእንቅልፍ ክኒን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ግን አልወድም። እንቅልፉን ለጥቂት ቀን ያመጣና አሮጊቷን ይጥላቸዋል። በዚህ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ቀላል ነገር አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚፈላ ቅጠላ ቅጠል ወይም የታሸገ የቻይና መድኃኒት ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ለፋርማሲስቱ አሳዩ። ጂንሰንግ የሚባለው ሥር ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር አይስማማም፤ ሌሎችም አሉ። አንቺ ግን «ይህን ይተዉት» አትበያቸው። ከተናገርሽ ተደብቀው ይወስዱታል። ያኔ ለሁላችንም ይከፋል።

ሕክምናው ይሠራል ወይ ብትይኝ፣ ይሠራል። በ2002 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 1801 ሰዎች ተከታትሏል። የሚታከሙት በተለመደው ክሊኒካቸው ነው። ለግማሾቹ ግን ስልክ እየደወለ የሚከታተል፣ ችግር በመፍታት ላይ የሚያግዝ ሠራተኛ ተመደበላቸው። ከዓመት በኋላ ከእነዚህ 45 በመቶዎቹ ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰ። እንደተለመደው ከታከሙት ውስጥ ግን 19 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው እዚህ የደረሱት። እኔ ከዚህ የምማረው ለፖፖ ዓይነት ሰው የአእምሮ ሕክምናን እዚያው የሚያውቁት ክሊኒክ ውስጥ ማምጣት እንደሚሻል ነው። «ሳይካትሪስት» የሚል በር ላይ ወደተጻፈበት ቤት ላኳቸው ማለት አብዛኞቹን ማጣት ነው።

ኦክላንድ በመሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ቻይናታውን ውስጥ ኤዥያን ኸልዝ ሰርቪስስ የሚባል ከ1974 ጀምሮ የቆየ የማኅበረሰብ ጤና ተቋም አለ። በብዙ የእስያ ቋንቋዎች ያክማል። የአእምሮ ጤና አገልግሎትም አለው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኦን ሎክ የሚባል ድርጅት አረጋውያንን ወደ ነርሲንግ ሆም ከመላክ ይልቅ ቀን ቀን እየሰበሰበ ማከምና መመገብ ጀመረ። ምግቡም ጨዋታውም በራሳቸው ቋንቋና ወግ ነበር። አሠራሩ በኋላ ፔስ በሚል ስም በመላው አሜሪካ ተዛምቷል። የቀን ማዕከል ለፖፖ ይሆን እንደሆነ ሶሻል ወርከሯን ጠይቁ። የታይሻን ተወላጆች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮ ያቋቋሙት ማኅበርም አለ፤ እንደ እኛ እድር በሕመምም በሞትም የሚደርስ ሆኖ ነው የቆየው። የአገራቸውን ቋንቋ መስማት ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ታይ ቺ የሚባለው ቀስ ያለ የቻይናውያን የሰውነት እንቅስቃሴም አለ። ዶክተር ዩንግና ባልደረቦቻቸው ቦስተን ውስጥ ድብርት ያለባቸውን ቻይናውያን ለ12 ሳምንት ታይ ቺ አሠሩ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ጥሩ መሻሻል አሳዩ። ለማነጻጸሪያ ታይ ቺ ሳይሠሩ ከቆዩት ቡድኖች ውስጥ የተሻሻሉት ከአራት አንድ አካባቢ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መድኃኒትን ይተካል አልልም። ግን ማንም አያፍርበትም። «ለጤናዎ መናፈሻ እንውጣ» ማለት «የአእምሮ ሕክምና እንሂድ» ከማለት ይቀላል።

አሁን ስለ አንቺ። ቋንቋቸውን አትችይም፤ ቢሆንም በቀን ውስጥ ብዙ ሰዓት አብረሻቸው ያለሽው አንቺ ነሽ። አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ሥራ አትንጠቂያቸው። ጥሩ ተንከባካቢ ነኝ ብለን ሁሉንም እንሠራላቸዋለን፤ እነሱ ተቀምጠው ያዩናል። ልብሱን አብረሽ አጣጥፊ። ጁክ የሚባለውን የሩዝ ገንፎ ያስተምሩሽ። ጨው ይቅመሱልሽ። ሲያርሙሽ ደስ ይበልሽ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መክሰሱን እሳቸው ይስጧቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሲመግቡ ኖረው አሁን ተመጋቢ ብቻ የሆኑ ሰው ናቸው። ሲያለቅሱ ካየሽ ደግሞ አትሽሺ፣ «አይዞዎት፣ ምንም አይደል» ብለሽም አታቋርጫቸው። አጠገባቸው ተቀመጪ። ሙቅ ውሃ ስጫቸው።

የእኛም እናቶች የልጅ ልጅ ለማሳደግ መጥተው እንዲህ ሲሆኑ አይተሽ ይሆናል። ያ ዓይንሽን አሠልጥኖታል፤ ለዚህም ነው ቀድመሽ ያወቅሽው። ግን የእኛን መድኃኒት እንዳለ አታምጪላቸው። ለእኛ እናቶች ጸበልና ቅዳሴ እንደሚጠቅመው ለፖፖም ይጠቅማል ብለሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልውሰዳቸው እንዳትይ። የሚያጽናናቸውን ከእሳቸው ጠይቂ። ምናልባት የባላቸው ፎቶ ፊት ዕጣን ማጨስ ይሆናል። ምናልባት ማህጆንግ የሚባለው ጨዋታ።

ለቀጠሮው ደግሞ አንድ ወረቀት አዘጋጂ። የሚተኙበትንና የሚነቁበትን ሰዓት፣ በየምግቡ ምን ያህል እንደቀመሱ፣ ክብደታቸውን፣ ያለቀሱበትን ቀን፣ ደረታቸውን የያዙበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት የሆነውን ነገር ጻፊ። ግምትሽን ሳይሆን ያየሽውን ብቻ። ልጃቸው አይታው ለሐኪሙ ትስጠው። «እናቴ እብድ አይደለችም» ያለችው ልጅ በቁጥር የተጻፈውን ስታይ ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለች፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመለሱት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ናቸው። ሐዘኑ ይዘገያል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ በአረጋውያን ላይ ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ቤተሰቡ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ወይም በስድስተኛው «ድነዋል» ብሎ ሊያቆመው ይፈልግ ይሆናል። ሁለቱም ጊዜ ከማቆማቸው በፊት ለሐኪሙ እንዲደውሉ ንገሪልኝ።